ፍሌር ባርቴንዲንግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ጠርሙስ በወረወርኩ ቁጥር ጥያቄ ይከተለኛል። ደንበኛ ይጠይቃል፣ አዲስ የገባ አስተናጋጅ ይጠይቃል፣ ሥራዬን የሰማ ዘመድ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ የሚመላለሱትን ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ። ሙያውን ስለምወደው አንዳንዱ መልስ ረዘም ይላል። ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ፍሌር ማለት ምንድን ነው?

ባርቴንደሩ መጠጥ እያዘጋጀ በጠርሙሱ፣ መጠጥ በሚቀላቀልበት ኩባያ ማለትም በሼከሩ፣ በብርጭቆውና በበረዶው የሚያሳየው ጥበብ ነው። መወርወር አለ። በጣት ዙሪያ ማሽከርከር አለ። በእጅ ጀርባ ወይም በክርን ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆም አለ። ከከፍታ መቅዳትም አለ። ዋናው ነገር ግን መጨረሻ ላይ ብርጭቆው ውስጥ የሚጠጣ ነገር መገኘቱ ነው። መጠጥ ከሌለ የጠርሙስ ጨዋታ ነው እንጂ ፍሌር አይደለም።

ነገሩ ለእኛ ያን ያህል እንግዳ አይደለም። ቡና የምታፈላ ሴት ጀበናውን ከፍ አድርጋ፣ ቡናውን እንደ ክር አቅጥና፣ ከሲኒ ወደ ሲኒ ሳታንጠባጥብ ስትቀዳ አይታችኋል። ዝቅ አድርጋ ብትቀዳውም ቡናው ያው ቡና ነው። ከፍ ስታደርገው ግን ወሬው ገታ ይልና የሁሉም ዓይን እጇ ላይ ያርፋል። ፍሌር የሚፈልገው ያችን ቅጽበት ነው።

ሥራ ነው ወይስ ትርኢት?

ሁለቱም ነው። በሙያው ቋንቋ "ወርኪንግ ፍሌር" እና "ኤግዚቢሽን ፍሌር" ይባላሉ።

ወርኪንግ ፍሌር በሥራ ሰዓት፣ ትእዛዝ እየወጣ የሚሠራ ነው። ጠርሙሱ ሙሉም ግማሽም ሊሆን ይችላል። እንቅስቃሴው ሁለት ሦስት ሰከንድ ቢወስድ ነው። ጠርሙሱን ከመደርደሪያ ስታነሱት አንድ ዙር ታዞሩታላችሁ፣ ቲኑን፣ ማለትም የብረት ሼከሩን፣ በጀርባችሁ አሳልፋችሁ ትቀልቡታላችሁ፣ ትቀዳላችሁ፣ አለቀ። ደንበኛው መጠጡን ከወትሮው ዘግይቶ አያገኝም።

ኤግዚቢሽን ፍሌር የመድረክ ነው። ሙዚቃ አለ፣ ለወራት የተጠና ቅንብር አለ። ጠርሙሱ ውስጥ የሚኖረው ከ30 እስከ 60 ሚሊ ሊትር አካባቢ ብቻ ነው። ሦስት አራት ጠርሙስ በአንዴ አየር ላይ ሲሽከረከር የምታዩት እዚህ ነው።

ስልካችን ላይ የሚደርሰን ቪዲዮ በአብዛኛው ሁለተኛው ስለሆነ ሰው ሙያውን የሚለካው በእሱ ነው። የእኔ ልብ ግን ከመጀመሪያው ጋር ነው። ዓርብ ማታ ሃያ ትእዛዝ ተደርድሮበት፣ ሳይደናገጥ ቲኑን በአውራ ጣቱ ዙሪያ አንዴ አሽከርክሮ፣ ደንበኛውን እያየ የሚቀዳ ባርቴንደር ከመድረኩ ኮከብ ይበልጥብኛል። ሙያተኞቹም መስተንግዶ ይቀድማል፣ ፍሌር ይከተላል ይላሉ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ቤቱ ይታመሳል።

ከየት መጣ?

ከአሜሪካ ነው። ጄሪ ቶማስ የሚባል ባርቴንደር ነበር። በ1830 ተወልዶ በ1885 የሞተ ሰው ነው። በጣም የታወቀው "ብሉ ብሌዘር" በተባለ መጠጥ ነው። ውስኪና የፈላ ውሃ በብረት ኩባያ ቀላቅሎ እሳት ይለኩስበታል። ከዚያ እየነደደ ከአንዱ ኩባያ ወደ ሌላው ደጋግሞ ያገላብጠዋል። መብራት በደበዘዘበት ቤት ሰማያዊ ነበልባል በአየር ላይ ቅስት ሲሠራ አስቡት። በ1862 ባሳተመው የመጠጥ አዘገጃጀት መጽሐፍ ውስጥም ይህን መጠጥ አስገብቶታል።

ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ፍሌር የመጣው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1965 ኒውዮርክ ውስጥ ቲ ጂ አይ ፍራይደይስ የሚባል ምግብ ቤት ተከፈተ። ኋላ ቅርንጫፉ በዛ፣ ባርቴንደሮቹም ጠርሙስ እያሽከረከሩ መቅዳትን የቤቱ መለያ አደረጉት። በ1986 ድርጅቱ ካሊፎርኒያ ውስጥ ውድላንድ ሂልስ ላይ ሠራተኞቹን አወዳደረ። አሸናፊው ጆን ባንዲ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ቶም ክሩዝ ባርቴንደር ሆኖ የተወነበት "ኮክቴል" የተባለው ፊልም ወጣ። ተዋናዮቹን ያሠለጠነው ይኸው ባንዲ ነው።

ፊልሙ ከወጣ በኋላ ነገሩ ከአሜሪካ ምግብ ቤቶች ወጥቶ ዓለምን አዳረሰ። ላስ ቬጋስ፣ ኦርላንዶና ለንደን የታወቁ ውድድሮች መናኸሪያ ሆኑ።

ጠርሙሱ ሲገለበጥ መጠጡ ለምን አይፈስም?

ልጅ ሆናችሁ ባልዲ ውስጥ ውሃ አድርጋችሁ በፍጥነት አዙራችሁት ታውቁ ይሆናል። ባልዲው ከራስ በላይ ሲገለበጥ እንኳ ውሃው አይፈስም። ጠርሙሱም እንደዚያው ነው። ሲሽከረከር ፈሳሹ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ውጭው ደግሞ የጠርሙሱ ቂጥ ነው። ስለዚህ መጠጡ ቂጡ ላይ ተጣብቆ ይቆያል፣ አፉ ደረቅ ይሆናል። በዚያ ላይ አፉ ላይ የሚሰካው ማፍሰሻ፣ እኛ ፖረር የምንለው፣ ቀዳዳው ጠባብ ነው። የሚንጠባጠብባችሁ ከሆነ ወይ ዙሩ ዘገምተኛ ነው፣ ወይ ጠርሙሱ እየተወላገደ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ምስጢር አለ። ጠርሙስ ክብደቱ ወደ ታች ያደላል። ስለዚህ ስትወረውሩት ቂጡ ትንሽ ክብ ይሠራል፣ አንገቱ ግን ትልቅ ክብ ይዞራል። ጀማሪ ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው ወፍራሙ አካል ላይ ነው። የምትይዙት ግን አንገቱን ነው፤ ስለዚህ ዓይናችሁ አንገቱን ይከተል። ይህን የነገረኝ ሰው ብዙ የልምምድ ሳምንት አሳጥሮልኛል።

በጣም የሚያስቸግረው ግማሽ የሆነ ጠርሙስ ነው። ውስጡ ያለው መጠጥ ወዲያና ወዲህ ሲላጋ ዙሩ ይለዋወጥባችኋል። ሙሉው ጠርሙስ ብዙም አይላጋም፣ ግን ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል። በሥራ ቦታ ሁሉም ስለሚያጋጥማችሁ በሁሉም መለማመድ ግድ ነው።

ለመጀመር ምን ያስፈልገኛል?

አንድ ጠርሙስና አንድ ቲን። ቲን የምንለው ትልቁን የብረት ሼከር ነው፤ ወደ 800 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን።

ለፍሌር ተብሎ የተሠራ የልምምድ ጠርሙስ አለ። ከማይሰበር ፕላስቲክ ይሠራል። ቅርጹ እንደ 750 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ጠርሙስ ነው፣ ክብደቱም ባዶ ብርጭቆ ጠርሙስ እንዳነሳችሁ ያህል ይሰማችኋል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አስመጡ፤ ሻንጣ ውስጥ ብዙ ቦታ አይወስድም። እስከዚያው ግን እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። አንገቱ ረዘም ያለ ጠንካራ የፕላስቲክ ጠርሙስ ፈልጋችሁ ትንሽ ውሃ ጨምሩበትና ክዳኑን አጥብቁ። ከውሃ መያዣው ስስ ፕላስቲክ የጭማቂው ወፍራሙ ይሻላል።

ብርጭቆ ጠርሙስ በፕላስተር ጠቅልሎ መለማመድንስ? አይሆንም። ፕላስተሩ ስብርባሪው እንዳይበተን ያደርግ ይሆናል፤ እግራችሁን ግን አያድንም።

የቀረው ነገር ቤት ያለ ነው። ጫማ ይደረግ፤ በባዶ እግር ወይም በነጠላ ጫማ አትሞክሩ። ቦታው ደግሞ አልጋ ፊት ይሁን። ጠርሙሱ ሲወድቅ ፍራሹ ላይ ያርፋል፣ እናንተም ወገባችሁን መቶ ጊዜ ከማጎንበስ ትድናላችሁ። ጎረቤት ከታች ካለ ብርድ ልብስ መሬቱ ላይ አንጥፉ።

በየትኛው እንቅስቃሴ ልጀምር?

በቲን ጀምሩ። ቀላል ነው፣ ጣት አይሰብርም፣ ከወደቀም የሚጮኸው ድምፅ ብቻ ነው።

ቲኑን ከአፉ በኩል ያዙ። ወደ ላይ ልቀቁት፤ አንድ ሙሉ ዙር ይዙርና መልሳችሁ ያዙት። ክንዳችሁ ብዙ መንቀሳቀስ የለበትም፤ ሥራውን የሚሠራው የእጅ አንጓችሁ ነው። ቲኑ ከዓይናችሁ በላይ ከሄደ ኃይል አብዝታችኋል። በቀኝ አሥር፣ በግራ አሥር። ግራ እጅን የዘነጋ ሰው ስድስት ወር ቆይቶ ይጸጸታል።

ቀጥሎ ጠርሙስ። አንገቱን ይዛችሁ አንድ ዙር ታዞሩትና አንገቱን መልሳችሁ ትይዛላችሁ። መጀመሪያ ላይ ቂጡ ጣታችሁን ሊመታው ይችላል። ሲመታችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እጃችሁን ወደ ጠርሙሱ ልካችሁታል ማለት ነው። እጃችሁ ቦታው ላይ ይቆይ፣ ጠርሙሱ ወደ እሱ ይምጣ። ይህ ለመናገር ቀላል ነው፤ ሰውነት እስኪያምነው ግን ጊዜ ይፈጃል። የሚወድቅ ነገር ስናይ መንጠቅ ተፈጥሯችን ነውና።

ከዚያ ማቆም ይመጣል፤ በሙያው "ስቶል" ይሉታል። ጠርሙሱን ትወረውሩና በእጃችሁ ጀርባ ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ትቀበሉታላችሁ። ዘዴው መቀበል ነው። ጠርሙሱ ሲወርድ እጃችሁም አብሮት ይውረድ፣ የተኛ ሕፃን ከሰው እጅ እንደምትቀበሉ አድርጋችሁ። እጃችሁ ከተገተረ ጠርሙሱ ይነጥራል።

በመጨረሻ በጀርባ አሳልፎ በተቃራኒው ትከሻ በኩል መወርወር። ብዙ ሰው መማር የሚፈልገው ይህንን ነው፣ ስለሚያምር። እኔም በእሱ ለመጀመር የሚመጣ ሰው ሲያጋጥመኝ ወደ አንድ ዙሩ እመልሰዋለሁ። አንድ ዙሩ ንጹሕ የሆነለት ሰው የጀርባውን ቶሎ ይይዘዋል። ያልጠራለት ሰው ደግሞ ራሱን በጠርሙስ ይመታል።

ለመቻል ስንት ጊዜ ይወስዳል?

በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የሚለማመድ ሰው በሁለት ሦስት ወር ሥራ ላይ የሚያሳየው አራት አምስት ንጹሕ እንቅስቃሴ ይኖረዋል። ይህ ካየኋቸው ልጆች የወሰድኩት ግምት ነው። እሑድ ብቻ አራት ሰዓት መልፋት ግን አይረዳም፤ እጅ ይደክምና የደከመ እጅ ስህተት ያጠናል። መድረክ ላይ ለመውጣት ዓመታት ያስፈልጋሉ።

እየተወረወረ ልኩ እንዴት ይጠበቃል?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁኝ በአብዛኛው የሆቴል ባለቤቶች ናቸው፤ እውነታቸውን ነው። አንድ ሾት በቀዳሁ ቁጥር ትንሽ ባፈስስ በወሩ መጨረሻ ጠርሙሶች ይጎድላሉ።

መልሱ ቆጠራ ነው። ፖረር የተሰካበት ጠርሙስ ሙሉ በሙሉ ሲገለበጥ ፈሳሹ በተመጣጠነ ፍጥነት ይወርዳል። በብዙ ባሮች የሚሠራበት ስሌት እስከ አራት ሲቆጠር ወደ 60 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ አንድ ቁጥር 15 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። ቆጠራው ግን የእያንዳንዱ ሰው ነው፤ እኔ "አንድ" የምለው ከእናንተ "አንድ" ሊፈጥን ይችላል። ስለዚህ ራሳችሁን ፈትኑ። ጠርሙስ ውስጥ ውሃ አድርጉ፣ ቆጥራችሁ ቅዱ፣ ከዚያ በጂገር፣ ማለትም በባር ትንሽ የመጠጥ መለኪያ፣ ወይም በመለኪያ ኩባያ ለኩት። 60 ስትሉ 50 ከወጣ ቆጠራችሁን አዝግሙት። እኔ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ሁልጊዜ ሦስት ጊዜ እለካለሁ።

ሲሮፕና ወፍራም ሊከር (ጣፋጭ የአልኮል መጠጥ) ከጂንና ከቮድካ ቀስ ብለው ይወርዳሉ። የቆሸሸ ፖረርም ስኳር ይዘጋውና ያታልላል። በየምሽቱ በሙቅ ውሃ ይታጠብ።

ቤቱ በጂገር ብቻ ለኩ ካለ በጂገር ለኩ። ጂገሩን ራሱን በጣት መሀል ማሽከርከር ይቻላል፤ እንዲያውም በጣም ያምራል።

ጠርሙስ ቢሰበርስ?

ይሰበራል። መጀመሪያ ያንን ተቀበሉ። ከመውደቁ ይልቅ የሚያሳስበው ስብርባሪው የት ገባ የሚለው ነው።

አንድ ምሽት፣ ቤቱ ግጥም ባለበት ሰዓት፣ የወረወርኩት ጠርሙስ የባንኮኒውን ጠርዝ ነካና ተሰበረ። አጠገቡ የበረዶው ሳጥን ክፍት ነበር። ኃላፊው "ከላይ ከላዩን አንሱና ቀጥሉ" አለ። በረዶና ብርጭቆ ሲደባለቁ ግን ዓይን አይለያቸውም። አንዲት ስንጣሪ በሰው ጉሮሮ ውስጥ ገብታ ምን እንደምታደርግ አስቡት። እምቢ አልኩ። ያን ምሽት ተጣላን፣ ጠርሙሱም ከደመወዜ ተቆረጠ። ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ።

ትክክለኛው አሠራር የታወቀ ነው። ቀይ ሲሮፕ፣ ግሬናዲን ካለ እሱን፣ በረዶው ላይ አፍስሱበት። ይህ ባልደረባችሁ ሳያውቅ እንዳይዝቅበት ምልክት ነው። ከዚያ በሙቅ ውሃ በረዶውን በሙሉ አቅልጡት፣ ሳጥኑን ጥረጉ፣ እጠቡ፣ እንደገና ጥረጉ፣ አዲስ በረዶ ሙሉ። በአቅራቢያው ተከፍቶ የነበረ ጭማቂም፣ የተቆረጠ ሎሚም ይጣላል። ሃያ ደቂቃ ይወስድ ይሆናል። ይውሰድ።

አደጋውን ለመቀነስ ደግሞ የበረዶው ሳጥን ክዳን ይኑረው። በረዶ በብርጭቆ አይዘቅ፤ ይህ ፍሌር ለማይሠራም ሰው ሕግ ነው። ደንበኛ በእጅ ርቀት ካለ ብርጭቆ ጠርሙስ አይወርወር።

እጅ አይጎዳም?

ጣት ይበልዛል፣ አንጓ ይደክማል። ከመጀመራችሁ በፊት አንጓችሁን አሟሙቁ፤ ካመማችሁ ሁለት ቀን አርፉ። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ሕመሙ ካልለቀቀ ሐኪም ማየት ነው እንጂ በፋሻ አስሮ መቀጠል አያዋጣም።

እሳትስ?

አታድርጉት።

እሳት ያለበት ትርኢት እንደሚያምር አውቃለሁ። የጄሪ ቶማስን ታሪክ በፍቅር የምተርከው እኔው ነኝ። ነገር ግን ጠባብ ባንኮኒ፣ የተንጠለጠለ ፎጣ፣ ፀጉሯን የለቀቀች ደንበኛ፣ እግር ስር የፈሰሰ አልኮል ባለበት ቦታ እሳት ጨዋታ አይሆንም። በተለይ ከጠርሙስ በቀጥታ በሚነድ ነገር ላይ አልኮል ማፍሰስ በጣም አደገኛ ነው። ነበልባሉ በፈሰሰው መስመር ወደ ጠርሙሱ ገብቶ እንደ ችቦ ፊት ለፊት ወዳለው ሰው ሊተፋ ይችላል። በዚህ ሰዎች ክፉኛ ተቃጥለዋል። ለዚህ ትርኢት ይፈለግ የነበረው ባካርዲ 151፣ አልኮሉ 75.5 በመቶ የነበረው ሩም፣ ጠርሙሱ ላይ የእሳት ማስጠንቀቂያ ነበረው። በ2016 ምርቱ ቆሟል።

በፍሌር ደንበኛን ለማስደሰት እሳት አያስፈልግም። ከከፍታ የሚቀዳ ንጹሕ መስመር ይበቃል።

አልኮል አልጠጣም፣ አልነካምም። ፍሌር መማር እችላለሁ?

በደንብ። ቲንና ጠርሙስ ውስጡ ያለውን አይመርጡም። ማንጎ፣ ሎሚ፣ ዝንጅብል፣ ሚንትና ሶዳ ይዞ የሚሠራ የሞክቴይል ፍሌር አለ። ለሠርግና ለልደት፣ አልኮል ለማይፈልግ ቤተሰብ፣ በጣም ይመቻል። ኩዌትን በመሰሉ አልኮል በሕግ በተከለከለባቸው አገሮች ደግሞ ያለው ይህ ብቻ ነው። የጭማቂ ችግሩ የፍሬው ሥጋ ያለበት ከሆነ ፖረሩን መድፈኑ ነው፤ አጥልሉት።

የ16 ዓመት ልጄ ቪዲዮ አይቶ መሞከር ጀምሯል። ልከልክለው?

ጠርሙሱ ፕላስቲክ፣ ውስጡም ውሃ ከሆነ እኔ አልከለክለውም። ትኩረትን ያስተምራል፣ ግራ እጅን ያነቃል፣ ስልክንም ከእጅ ያስጥላል። ባር ቤት መግባቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል።

ለሴት አይከብድም?

አይከብድም። ፍሌር የሚጠይቀው ጊዜን መጠበቅ ነው እንጂ ጡንቻን አይደለም። በህንድ ፍሌር ሲነሣ ስማቸው ቶሎ ከሚጠራ ሰዎች አንዷ የሙምባይዋ አሚ ሽሮፍ ናት። ጠርሙስ እጇ ላይ ሲንከባለል ማየት ለማንም ጀማሪ ትምህርት ነው። እኛ ጋ የሚከብደው ከባንኮኒ ጀርባ የቆመችን ሴት ሰው የሚያይበት ዓይን ነው። እሱ ደግሞ የሚስተካከለው በኃላፊዎችና በደንበኞች ነው፤ ሸክሙ የእሷ መሆን የለበትም።

ውድድር ላይ ምን ይታያል?

ተወዳዳሪው አምስት ደቂቃ አካባቢ በሆነ ቅንብር ጊዜ መጠጥ ሠርቶ ያስረክባል። ዳኞች የሚያዩት እንቅስቃሴው ምን ያህል ከባድ፣ አዲስና ለስላሳ እንደሆነ፣ ከሙዚቃው ጋር መሄዱን፣ ተመልካቹን መያዙን ነው። ጠርሙስ መጣል፣ ማፍሰስና መስበር ነጥብ ያስቀንሳል። በ1951 እንግሊዝ ውስጥ ቶርኪ ላይ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የባርቴንደሮች ማኅበርም በዓለም ሻምፒዮናው የፍሌር ዘርፍ አለው።

ማንን ልመልከት ካላችሁ፣ ደጋግሞ የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን አርጀንቲናዊ ክሪስቲያን ዴልፔችን እዩ። ከባዱን ነገር ሲሠራ ትከሻው አይገተርም። ቪዲዮውን አዝግማችሁ እግሩን ተመልከቱ፤ ጠርሙሱ ከመድረሱ በፊት እግሩ ቦታውን ይዟል።

ሥራ ያስገኛል?

ብቻውን አያስገኝም። መቅዳት፣ መለካት፣ ንጽሕና፣ የመጠጥ ዕውቀትና ቋንቋ ይቀድማሉ። እነዚህ ካሉ ፍሌር ተጨማሪ በር ይከፍታል። አዲስ አበባ ውስጥ የሠርግና የዝግጅት ሥራ ያመጣል። ውጭ ደግሞ እንደ ዱባይ ባሉ ከተሞች ፈቃድ ያላቸው ሆቴሎችና ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች ችሎታውን በበጎ ያዩታል። ለዚያ ስታመለክቱ ሁለት ደቂቃ ያልተቆራረጠ ቪዲዮ ላኩ። ተቆርጦ የተቀጠለ ቪዲዮ የሚያውቅ ሰው ፊት ዋጋ የለውም።

በደላላ ገንዘብ ከፍላችሁ "የፍሌር ሥራ አለ" ከተባላችሁ ግን ውሉን በጽሑፍ ሳታዩ እግራችሁን አታንሱ።

ደንበኛው ባይወደውስ?

የማይወድ አለ። ተዉለት።

ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ ፊቱን አያለሁ። ከጓደኞቹ ጋር እየሳቀ ከመጣና ዓይኑ እጄ ላይ ካረፈ አንድ ነገር አሳየዋለሁ። ሁለት ሰዎች ተጠጋግተው በዝግታ የሚያወሩ ከሆነ ቲን አላንኳኳባቸውም። ብቻውን አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠ ሰው ፊት ደግሞ ጠርሙስ አይወረወርም፤ ለእሱ መጠጡን በጂገር ለክቶ፣ ናፕኪን አድርጎ፣ በዝግታ ማስቀመጥ ነው። ይህን ማንበብ የማይችል ባርቴንደር እጁ የቱንም ያህል ቢፈጥን ጎደሎ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጉርሻ ለማግኘት ሲሉ ሰው ላይ የሚጫኑም አሉ። ያስታውቃል።

ደንበኛ ፊት መቼ ልጀምር?

የእኔ ልክ ይህ ነው፦ ቤት ውስጥ ሳይወድቅ በተከታታይ ሃምሳ ጊዜ ያደረጋችሁትን ብቻ ይዛችሁ ውጡ። አርባ ዘጠኝ ላይ ከወደቀ ከአንድ ጀምሩ።

የመጀመሪያው ሳምንት በቲን ብቻ ይሁን። ቀዝቀዝ ያለ ሰዓት ምረጡ፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ አመሻሽ ላይ። አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ያዙ፣ እሱንም በምሽቱ ሦስት አራት ጊዜ ብቻ አድርጉት። ቲኑ ቢወድቅ ጎንበስ ብላችሁ አንሱ፣ ወደ ማጠቢያው አድርጉት፣ ንጹሕ ሌላ ውሰዱና መጠጡን ጨርሱ። ይቅርታ መደርደር አያስፈልግም። እጃችሁ ይንቀጠቀጥ ይሆናል፤ በሦስተኛው ምሽት ይተዋችኋል። ጠርሙሱን በሁለተኛው ሳምንት ጨምሩ፣ የበረዶውን ሳጥን ክዳን ከዘጋችሁ በኋላ።